የመጨረሻዋ ትል እስክትጠፋ

ትል ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሆድን ነው። የሕፃን ሆድ ሲነፋ ወስፋት ነው እንላለን፤ ጥሬ ሥጋ የሚያዘወትር ሰው ኮሶ ታየኝ ቢል ማንም አይደነቅም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ወቅጠውና በጥብጠው እየጠጡ ትሉን ሲያስወጡ ኖረዋል፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው ክኒንም ሥራው ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። መድኃኒቱ ይዋጣል፣ ትሉ ይሞታል ወይም ይወጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ከዚህ ልማድ ውጭ የሆኑ፣ አንጀትን ትተው ሥጋችን ውስጥ የሚኖሩ ትሎች ግን አሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በፈጣን ወንዞች ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የኦንኮሰርካ ትል ቆዳ ሥር ተቀምጦ እጮቹን በቆዳና በዓይን ውስጥ ይበትናል፤ ገላን ያሳክካል፣ ሲብስም ብርሃን ያጠፋል። በትንኝ የሚመጣ ሌላ ትል የሊምፍ ሥሮችን ዘግቶ እግርን ያሳብጣል፤ በደጋው የምናውቀው ዝሆኔ ግን አብዛኛው የትል ሳይሆን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ከውሻ የሚተላለፈው የሃይዳቲድ ትል ደግሞ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ያድጋል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱ፣ ጊኒ ዎርም የሚባለው፣ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ምክንያቱ ብዙ ሰው ስለሚይዝ አይደለም፤ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። በ1986 በአፍሪካና በእስያ 21 አገሮች ውስጥ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ እንደነበር ይገመታል፤ በ2024 በመላው ዓለም የተመዘገቡት ሕሙማን 15 ብቻ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከሰው ልጅ ላይ ጨርሶ ይነቀላል ተብሎ ከሚጠበቁት በሽታዎች አንዱ ይኸው ነው። ትሉ ጠፍቶላቸዋል ተብሎ ገና ማረጋገጫ ካልተሰጣቸው ጥቂት አገሮች መካከል ደግሞ ኢትዮጵያ አለችበት። የሕሙማኑ ቁጥር እንዲህ በጣት የሚቆጠር ሲሆን ብዙ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ «እንግዲህ አልቋል፤ ገንዘቡና ድካሙ ወደ ሌላ ይዙር» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ተቃራኒው ነው። ጊኒ ዎርም በጠባዩ በከፊል የሚሸነፍ በሽታ አይደለም፤ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ይመለሳል። ስለዚህ ጥረቱ ጠንክሮ መቀጠል ያለበት ሕሙማኑ ጥቂት በሆኑበት በአሁኑ ጊዜ ነው።

ይህን ለመረዳት የትሉን አካሄድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። በረጋ ኩሬ ውስጥ ሳይክሎፕስ የሚባሉ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ፣ ወገናቸው ከሸርጣን የሆነ ደቃቅ ፍጡራን ይኖራሉ። የጊኒ ዎርም እጭ ውሃው ውስጥ ሲገባ እነዚህ ይውጡታል፤ እጩም ሆዳቸው ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሰውን ለመያዝ ይደርሳል። ሰው ያንን ውሃ ሳያጣራ ሲጠጣ የጨጓራው አሲድ ሳይክሎፕሱን ይገድለዋል፣ እጩን ግን አይገድለውም። እጩ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ ከዚህ በኋላ የሆድ ትል መድኃኒት አያጠፋውም። ወንዱና ሴቷ ይገናኛሉ፣ ወንዱ ይሞታል፣ ሴቷ ግን አንድ ዓመት ያህል በሥጋ መካከል እያደገች ትቆያለች። ርዝመቷ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ ውፍረቷ ከስፓጌቲ አይበልጥም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ያርሳል፣ ይሠራል፣ ይተኛል፤ ሕመም የለውም፣ ምልክትም የለውም፣ በምርመራም በቀላሉ አይታወቅም። የያዘው መሆኑን የሚያውቀው ትሏ ልትወጣ ስትል ነው።

አወጣጧ የበሽታውን ጭካኔም ብልሃትም ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች፣ ቁርጭምጭሚት ወይም የእግር ጀርባ ላይ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፤ እሳት የነካው ያህል ያቃጥላል። የተቃጠለ ሰው የሚያደርገውን ሁሉም ያውቃል፤ እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነክራል። ትሏም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው። የቋጠረው ቆዳ ሲፈርጥ ጫፏን ብቅ አድርጋ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እጮችን ኩሬው ውስጥ ትለቃለች፤ ሳይክሎፕሶቹ ይውጧቸዋል፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላም እንስራ ይዞ የሚወርደው መንደርተኛ በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል። የሚያስታግሰው ነገር የሚያዛምተውም መሆኑ ነው ክፋቱ። ማውጫው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ያው ነው። ብቅ ያለውን ጫፍ በቀጭን እንጨት ወይም በጥቅል ፋሻ ላይ ጠምጥሞ በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ያለ ምንም ችኮላ መጠቅለል ነው። ሥራው ሳምንታት ይወስዳል። ተቻኩሎ የጎተተው ሰው ትሏ ሥጋው ውስጥ ትበጠስበትና ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍ እስከ ማምጣት ይደርሳል። ገዳይነቱ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ትሏ የምትወጣው ብዙ ጊዜ በእርሻ ወራት በመሆኑ አባወራው ሳይዘራ፣ ወይም እናት ውሃ ሳትቀዳ፣ ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ወራት ያልፋሉ። አንዴ መያዝም ለሚቀጥለው ዓመት መከላከያ አይሆንም፤ ሰውነት ይህን ትል መቋቋም አይለምድም።

መድኃኒት የለውም፣ ክትባት የለውም፤ ታዲያ ከ3.5 ሚሊዮን ወደ 15 እንዴት ወረደ? መልሱ ትሏ መግቢያዋ አንድ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ አትተላለፍም፣ ዝንብና ትንኝ አያጓጉዟትም፣ እጮቿም ሳይክሎፕስ ካልዋጣቸው ውሃ ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። ሩሲያዊው አሌክሲ ፌድቼንኮ በ1870 አካባቢ ሳይክሎፕስ ውስጥ ያለውን እጭ ከተመለከተ በኋላ የመግቢያው በር ታወቀ፤ በሩ ከታወቀ ደግሞ መዝጋት ይቻላል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሊዮኒድ ኢሳዬቭ የተባለ ሐኪም በማዕከላዊ እስያ በምትገኘው በቡኻራ ከተማ የሕዝቡን የመጠጥ ገንዳዎች እያደረቀና እያጸዳ በሽታውን ጨርሶ አጠፋው፤ አንዲትም ክኒን አላስፈለገችውም። ከ1986 ጀምሮ የካርተር ማዕከል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የየአገሩ መንግሥታት የተከተሉት መንገድም በመሠረቱ ይኸው ነው። ውሃን በናይለን ጨርቅ ማጥለል፣ ትል የወጣበት ሰው ከኩሬ እንዲርቅ ማድረግ፣ ቁስሉን ማከም፣ ሳይክሎፕሶችን በቴሜፎስ ኬሚካል መግደል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየመንደሩ አንድ የሚጠይቅና የሚመዘግብ ሰው ማስቀመጥ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ በተደረገ ቆጠራ ከ650,000 በላይ ሕሙማን ተገኝተው ነበር፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ2008 ነው። ሕንድ በ1996፣ ጋና በ2010 የመጨረሻቸውን ሸኝተዋል። ስለዚህ «ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተለያየ አገር፣ በተለያየ ባህልና በተለያየ የሀብት ደረጃ ተፈትኖ ተመልሷል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በ1994፣ ብሔራዊው ፕሮግራም ሥራ በጀመረበት ሰሞን፣ በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ 1,252 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ደቡብ ኦሞ ከበሽታው ነጻ ወጣ፤ የጋምቤላውም ቁጥር ወደ ጥቂት ወረደ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በቅደም ተከተል ማንበብ ይጠቅማል። በ2014፣ በ2015 እና በ2016 በየዓመቱ ሦስት ሦስት ሰው ብቻ ተገኘ። በ2017 ድንገት 15 ሆነ፤ እነዚህ በጋምቤላ ክልል አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ሲሠሩ ያልተጣራ የኩሬ ውሃ የጠጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በ2018 እና በ2019 ዜሮ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልተገኘም። በ2020 ግን 11 ሰዎች ተያዙ። በ2021 እና በ2022 አንድ አንድ፣ በ2023 እና በ2024 እንደገና ዜሮ። ይህን መስመር የሚያነብ ሰው የሚረዳው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ዜሮ የሚለው ቁጥር ሰዎች ዘንድ ትል አልታየም ማለት እንጂ ትል የለም ማለት አይደለም። ትሏ ዓመት ሙሉ ተደብቃ የምትኖር ናት፤ ሰው ባልደረሰበት ጫካ ኩሬም እጭ ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አገር ማረጋገጫ ከመስጠቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዓመት ያለ አንድም ሕመምተኛ፣ ያውም ጥብቅ ክትትል እየተደረገ፣ እንዲያልፍ የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና የወሊድ ደም መፍሰስ በየዓመቱ ስንቱን እየገደሉ ለአንድና ለሁለት የጊኒ ዎርም ሕመምተኛ ይህን ያህል ሠራተኛ፣ መኪናና ገንዘብ ማሰማራት ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው የሚነሳው ከቅንነት ነው፤ ድሃ አገር የምታወጣውን እያንዳንዱን ብር ልትመዝን ይገባታል። ሚዛኑ ግን የሚሳሳተው ወጪውን ዛሬ በታመሙት ሰዎች ብዛት ስናካፍለው ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለታመመው አንድ ሰው ሕክምና ሳይሆን ነገ ሊታመሙ ለነበሩት ነው። አንዲት ትል አንዲት ኩሬ ውስጥ ስትገባ የምትለቀው እጭ በመቶ ሺህ እንደሚቆጠር እናስታውስ፤ ሦስት የነበረው በአንድ ዓመት 15 የሆነው፣ ዜሮ የነበረው 11 የሆነው ለዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር በትክክል የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ወጪው ማብቂያ ያለው መሆኑ ነው። ወባን መከላከል በየዓመቱ የሚታደስ ወጪ ነው፤ የጠፋ በሽታ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አያስወጣም። በተፈጥሮ መንገድ የተላለፈ ፈንጣጣ በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የመጨረሻዎቹን ሕሙማን ፍለጋ የኢትዮጵያን ተራራና በረሃ በእግር ያቋረጡ ሠራተኞች ነበሩ። ያኔም ጥቂት ለቀሩ ሰዎች ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል አይጠፋም ነበር። ዛሬ የማንም ልጅ ለፈንጣጣ አይከተብም፤ ያ ድካም ዋጋውን በየትውልዱ እየመለሰ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ትሉ በሰው ብቻ ሳይሆን በእንስሳም ውስጥ ይኖራል። ለረጅም ጊዜ ሊጠፋ ይችላል የተባለው የሰው ብቻ በሽታ ነው ተብሎ ስለታመነ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ግን ቻድ ውስጥ በውሾች ላይ በብዛት ተገኘ፤ በ2019 ብቻ ከ1,900 በላይ ውሾች ተያዙ። በጋምቤላም በውሾች፣ በድመቶችና በዝንጀሮዎች ላይ ታይቷል። የውሻውና የሰውየው ትል አንድ ዝርያ መሆኑም በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። መጀመሪያ ላይ በሽታው በ1995 እንዲጠፋ ታቅዶ ነበር፤ ዕቅዱ እየተገፋ ዛሬ 2030 ላይ ደርሷል። ተቃዋሚዎች «ዝንጀሮን ማን ያስተምራል?» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ዝንጀሮ ውሃ አያጠልልም። ነገር ግን ይህ ሥራውን ያከብደዋል እንጂ ምክንያቱን አያፈርሰውም፤ እንስሳውም የሚያዘው በዚያው በሳይክሎፕስ በኩል ነውና፤ ወይ ከውሃው፣ ወይ ሳይክሎፕስ ከዋጠ ዓሣ። ቻድ ውስጥ ሰዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ለውሻ መጣል ትተው እንዲቀብሩ፣ ውሾቻቸውንም እንዲያስሩ ከተደረገ በኋላ የተያዙት እንስሳት ቁጥር በ2024 ወደ 300 ገደማ ወርዷል። በጋምቤላም የጎግና የአቦቦ ወረዳዎች መንደሮች ውሾቻቸውን እያሰሩ መመገብ ለምደዋል፤ ኩሬዎች በኬሚካል ይታከማሉ፤ የዝንጀሮዎቹን እንቅስቃሴ የሚያጠኑ ባለሙያዎችም አሉ። የእንስሳው መኖር የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ላይ ዜሮ በሆነ ማግስት ክትትሉን መተው ከሁሉም የከፋ ስህተት መሆኑን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ማጥለያ ጨርቅ ከማደል ጉድጓድ አይቆፈርም ወይ? ይባላል። እውነት ነው፤ ንጹሕ ውሃ ለሰው ሁሉ የሚገባ ነገር ነው፤ ከጊኒ ዎርም ብቻ ሳይሆን ከተቅማጥና ከብዙ ሌላ ደዌ ያድናል፤ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ የምትሄደውንም ልጅ ያሳርፋል። ጨርቅ የጉድጓድ ምትክ ሆኖ መቅረብ የለበትም። ሆኖም ጉድጓድ ብቻውን አይበቃም። የመንደሩ ሰው የሚጠማው መንደሩ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እርሻ ላይ፣ አደን ላይ፣ ማር ቆረጣ ላይ፣ ዓሣ ማስገር ላይ ይጠማል፤ በጫካ መካከል ያገኘውን ይጠጣል። ጉድጓድም ይበላሻል። ጋና ውስጥ ሳቬሉጉ በምትባል ከተማ በ2007 አካባቢ የቧንቧው ውሃ ሲቋረጥ በሽታው እንደገና ፈነዳ። ስለዚህ ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው፤ ለመንደሩ ጉድጓድ፣ ለመንገደኛው ማጥለያ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ጨርቁ ጀሪካኑ ወይም እንስራው አፍ ላይ ይዘረጋል፣ በገመድ ይታሰራል፣ ውሃው ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፤ ሳይክሎፕሶቹ ከላይ ይቀራሉ። ከዚያ ጨርቁ በላይኛው ገጹ ይታጠባል፤ ከተገለበጠ ግን የቀረው ሁሉ ቀጥሎ ወደሚቀዳው ውሃ ይገባል። ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ጫፉ ላይ ማጥለያ የተገጠመለት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የመጠጫ ቧንቧ አለ። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ በየቀኑ፣ በየእንስራው፣ ዓመት ከዓመት መደገም አለባት፤ ድካሙም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚበልጥ አንድ እውነተኛ እንቅፋት ግን አለ፤ እሱም የሰላም ጉዳይ ነው። በሽታው የቀረባቸው ቦታዎች አብዛኛዎቹ ጦርነት፣ ስደት ወይም የጎሳ ግጭት የሚያውካቸው ናቸው። ተሸብሮ የሚሸሽ ሰው ማጥለያውን ጥሎ ይሄዳል፤ መዝጋቢው ወደ መንደሩ መድረስ ያቅተዋል፤ ጋምቤላም ከደቡብ ሱዳን ጋር በሰፊው የምትዋሰን ሰው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስባት ምድር ናት። በ1995 የካርተር ማዕከልን የመሠረቱት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በሱዳን ጦርነት መካከል የተዋጊዎቹን ወገኖች አነጋግረው ለስድስት ወር ገደማ ተኩስ እንዲቆም አድርገው ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጤና ሠራተኞች ከዚያ በፊት መርገጥ ወዳልቻሉባቸው መንደሮች ገቡ። ስለ አንድ ትል ሲባል ጠመንጃ ዝም ማለቱ ሥራው ምን ያህል በሰላም ላይ እንደሚንጠለጠል ያሳያል። ካርተር በ2015 የመጨረሻዋ ጊኒ ዎርም ከእሳቸው ቀድማ እንድትሞት እንደሚመኙ ተናግረው ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 በ100 ዓመታቸው ሲያርፉ ምኞታቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የቀረውን መጨረስ የእኛ ነው።

ይህም ለሐኪምና ለባለሥልጣን ብቻ የሚተው አይደለም። የ2017ቱ ሕሙማን የቀን ሠራተኞች መሆናቸውን ልብ እንበል። ሠራተኛ ቀጥሮ ወደ ቆላ እርሻ የሚያሰማራ ባለሀብት የሚጠጣ ውሃና ማጥለያ ማቅረቡ ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ሊሆን ይገባል። ለሥራ፣ ለማዕድንም ሆነ ለንግድ ወደ አካባቢው የሚሄድ ሰው ከኩሬ ሳያጣራ አይጠጣ፤ ከተመለሰም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እግሩ ላይ የሚያቃጥል ውሃ የቋጠረ እብጠት ቢያይ ውሃ ውስጥ ሳይነክረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ትል የወጣበትን ሰው እንደ ጥፋተኛ የሚያይ ጎረቤትም ሥራውን ያበላሻል፤ ያፈረ ሰው ይደብቃል፣ የደበቀ ሰው ደግሞ ሌሊት ኩሬ ይወርዳል። ለሚጠቁም ሰው የገንዘብ ሽልማት እንዲሰጥ የተደረገውም ጥቆማ እንዲያስከብር እንጂ እንዳያሳፍር ነው።

በመጨረሻም ለዚህ ሥራ ያለንን መለኪያ መለወጥ አለብን። በጤና ሥራ ብዙ ጊዜ የምናመሰግነው ብዙ ሰው ያከመውን ነው፤ ብዙ አልጋ፣ ብዙ ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ክኒን። በጎግ ወይም በአቦቦ አንድ መንደር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ «ትል የወጣበት ሰው አለ? ውሻችሁስ?» እያለ የሚጠይቅ በጎ ፈቃደኛ ግን ወር ከወር መዝገቡ ላይ ዜሮ ይጽፋል። ከሩቅ ለሚያየው ምንም የሠራ አይመስልም። ያ ዜሮ ግን አንድም ሰው እግሩን በእንጨት አስጠምጥሞ ሳይቀመጥ፣ አንድም ማሳ ጾሙን ሳያድር ያለፈ ወር ነው። እንዲህ ያሉ ወራት ሠላሳ ስድስት ሆነው ሳይቋረጡ እስኪደረደሩ ድረስ ጠያቂውም መጠየቁን፣ ከፋዩም መክፈሉን ማቆም የለበትም።